ጠረጴዛ የሌለው ዕቃ ቤት

በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ የማዕከላችን ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት፣ የምልክት ቋንቋ መምህሩ ብሩክ፣ በቅርቡ የተቀጠረው የኮምፒውተር ባለሙያ ናሆም፣ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ከክፍሏ የመጣችው ልጄ ሜሮን፣ እና እኔ። መወልወያዬን በሩ ላይ አስደግፌዋለሁ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ነው።

ጋሽ ደረሰ አልነበሩም። ከሄዱ ሰባት ወር ሆኗቸዋል፤ ስልካቸው መነሣት ካቆመ ደግሞ ሦስት ወር አልፎታል። በዚያ ከሰዓት ግን ከሁላችንም በላይ የተነሣው የእሳቸው ስም ነው፤ መጀመሪያ በክፉ፣ በኋላ በደግ።

«የሜሮን እናት፣ ቁልፉን ስጪኝ» አለ ናሆም።

«ለምን?»

«የቪዲዮውን ሳጥን አውጥቼ ፎርማት ላደርገው ነው። ባዶ ነው። ሽማግሌው ምንም ሳያስቀምጡ ነው የሄዱት።»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደና ቁልፉ መኖሩን አረጋገጠ። ይህን ያስተማሩኝም ጋሽ ደረሰ ናቸው።

ማዕከሉ ከቀጨኔ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች ይማሩበታል። እኔ አጸዳለሁ፣ የልጆቹንም ምሳ አበስላለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሜሮን በሦስት ዓመቷ በብርቱ ታማ እሷ ስትድን ጆሮዋ አልዳነም። እዚህ ሳስገባት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሁለት ሆኗታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥያት መሄድ አቅቶኝ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ስቆም፣ በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ሰናይት ወጥተው «እንግዲያው መጥረጊያ ልስጥሽ» አሉኝ። ሥራ የያዝኩት እንዲህ ነው።

ብሩክ ራሱ መስማት የተሳነው ነው። የሚሠራው የምልክት መዝገበ ቃላት ነው፤ በወረቀት ሳይሆን በቪዲዮ። ለአንድ ቃል አንድ ሰው ካሜራ ፊት ይቆምና ምልክቱን ያሳያል። ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያረጁ ሰዎች በየቤታቸው ያወጧቸውን ምልክቶችም ይቀርጻል። ከእነዚያ ሰዎች አንዷ እማማ ዘውዴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ የቀጨኔ ሴት። ለጭቃ ብቻ የነበራቸው ምልክት ብዛቱ ያስደንቃል፤ ለረጠበው ሌላ፣ ለተቦካው ሌላ፣ እሳት ውስጥ ሊሰነጠቅ ላለ ድስት ደግሞ ሌላ። ብሩክ በቀረጻቸው በዓመቱ ዐረፉ። እነዚያን ምልክቶች የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ለእኔ ደግሞ መዝገቡ አፌ ነው። መጽሐፍ ማንበብ ስለሚከብደኝ፣ ከልጄ ጋር መነጋገር የተማርኩት ወለሉን ከጨረስኩ በኋላ እነዚያን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ እያየሁ ነው። ሜሮን ዛሬ በእጇ አንድ ነገር ብላኝ ካልገባኝ፣ ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ። ሳጥኑ ባዶ ነው ሲባል ቁልፉን የጨበጥኩት ለዚህ ነው። ልጄ ገና ያላለችኝ ብዙ ነገር አለ፤ የምትለኝን የምፈልግበት ቦታ ሊጠፋ ነው።

ጋሽ ደረሰ ወደ እኛ የመጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ድሮ ክፍለ ሀገር ውስጥ አንድ ሆስፒታል የራጅ ፊልም ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ኮምፒውተር በራሳቸው ነው የተማሩት። ግራጫ ጋወን ይለብሳሉ፤ መነጽራቸው በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ታስሯል። በር ከቆለፉ በኋላ ሁለት ጊዜ ይስቡታል። ሜሮን ስም ያወጣችላቸው በዚሁ ነው፤ ጣቷን እንደ ቁልፍ ታዞርና በጡጫዋ ሁለት ጊዜ ትስባለች። እስከ ዛሬ በማዕከሉ ውስጥ ስማቸው ይኸው ነው።

ወደ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ሁልጊዜ በሩን ያንኳኳሉ።

«ጋሽ ደረሰ፣ ማን ይሰማኛል ብለው ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለበሩ ነው» አሉኝ። «ሳላንኳኳ ከገባሁ ራሴን ይቆረቁረኛል።»

በኋላ የመብራቱን ማብሪያ ብልጭ ድርግም ማድረግ ለመዱ፤ ማንኳኳቱን ግን አልተዉም። መጀመሪያ ያንኳኳሉ፣ ከዚያ መብራቱን ይነካሉ። በምልክት ሲያወሩ ጣቶቻቸው አይታዘዙላቸውም ነበር። ብሩክ «ጓንት አድርገው ነው የሚያወሩት» ይላቸዋል፤ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«በዪው፣ እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ሲነካ ጓንት ያድርግ። ትናንት የነካው ሁሉ ዛሬ ቦታው ላይ የለም» ይሉኛል እሳቸው።

ብሩክ ሲስቅ ድምፁ ግቢውን ይሞላል፤ ራሱ አይሰማውም። ጋሽ ደረሰ ያን ሳቅ ለመስማት ብለው ደጋግመው ይነካኩታል።

እሳቸው ሲመጡ ቪዲዮው በየፍላሹና በየስልኩ ተበትኖ ነበር። «ውሃ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ይገኛል፤ የታረመው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ሲታረም አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጫናል፤ አዲሱ ራሱ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ አሮጌው የለም። በኢንተርኔት እንዳይላክ ደግሞ ቪዲዮ ከባድ ነው፤ መስመሩ አይችለውም። ጋሽ ደረሰ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ አንድ ጥቁር ሳጥን አስገዙ። ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት፣ ገመዱን በቀዳዳ አወጡት፣ ቆለፉት፣ ሁለት ጊዜ ሳቡት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«ይህ ዕቃ ቤት ነው» አሉኝ። «ውስጡ ጠረጴዛ የለም። ጠረጴዛ ካለ ሰው ይቀመጥበታል። ሰው ከተቀመጠ ያነሣል፣ ይጥላል፣ ሻይ ይደፋል። እዚህ ውስጥ ማንም አይሠራም። ሥራ በየኮምፒውተሩ ነው። የጨረሰ ያስገባል፣ የፈለገ ያወጣል። በቃ።»

«ውስጡን ማየትስ?»

«ብታዪውም አታውቂውም። ዕቃውን በስሙ አይደለም የሚያስቀምጠው። ለእያንዳንዱ ረጅም ፊደልና ቁጥር ይሰጠዋል፣ በዚያ ነው የሚደረድረው። 'ውሃ' የሚል አታገኚም። ስሙ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ዝርዝር ቀላል ነው፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ዕቃው ከባድ ስለሆነ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው የሚያወጣው።»

«አሮጌውስ? የታረመው?»

«እሱም አለ። አዲስ ሲገባ አሮጌው ወደ ጓዳ ይገፋል እንጂ አይጣልም።»

የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ሳጥን ቤር ሪፖዚተሪ ይሉታል አሉኝ። እኔ ጠረጴዛ የሌለው ዕቃ ቤት ማለቱ ይቀለኛል።

ከሁሉ የወደድኩት ሌላውን ነው። ኮምፒውተሩ ሲሞላ አንድ ቪዲዮ ከላዩ ላይ ላንሣ ብትሉት ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አያነሣም። መጀመሪያ ሳጥኑን ይጠይቃል፤ አንተ ጋ አለ? አለ የሚል መልስ ሲያገኝ ያነሣል። ገመዱ ተነቅሎ መልስ ካጣ እምቢ ይላል፤ ዕቃው ባለበት ይቆያል።

«እንደኔ የሚጨነቅ ነገር ነው» አልኳቸው። እኔ ቡታጋዙን አጥፍቼዋለሁ ወይ ብዬ ከታክሲ ተራ ወደ ቤት የምመለስ ሰው ነኝ። ሜሮን ስትተኛ ትተነፍሳለች ወይ ብዬ መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ፤ አሁንም፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ።

«ለዚህ ነው ቁልፉን ላንቺ የምሰጠው» አሉኝ።

ሌላው ሰው ሁሉ «ዘነበች፣ አንቺን የሚገድልሽ ሐሳብ ነው» እያለ ይስቅብኛል። ጭንቀቴን ለሥራ የፈለጉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ ሳስረው ጎረቤቶቼ «ጴንጤዋ ማተብ አሰረች» ብለው አንድ ሳምንት ተሳለቁብኝ።

በየሰኞው ጠዋት ፈተና ነበረን። ጋሽ ደረሰ ምንም የሌለበት ኮምፒውተር ያመጣሉ፣ እኔ አንድ ቃል እመርጣለሁ፣ ያን ቃል ከሳጥኑ አውጥተን ሲጫወት እናያለን። «አንቺ ምረጪ። እኔ ከመረጥኩ ደህና መሆኑን የማውቀውን ነው የምመርጠው» ይላሉ። አንድ ሰኞ «ቃሪያ» ብዬ መረጥኩ። ቪዲዮው ሲወጣ ምልክቱን የምታሳየው ሴትዮ እውነተኛ ቃሪያ የነከሰች ይመስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጋሽ ደረሰ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሲበሳጭ ባዩ ቁጥር ያን ምልክት በጓንታም ጣታቸው ያሳዩኛል።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፉትን ትእዛዝ ደብተሬ ላይ እንድገለብጥ አደረጉኝ። ደብተሩ የወጥ ቤት ነው፤ የሽንኩርትና የዘይት ዝርዝር፣ የሜሮን የሐኪም ቀጠሮ ያለበት። ፊደሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አላነበውም፤ እንደ ጥልፍ እያየሁ ሣልኩት።

«እርስዎ እያሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ ሁልጊዜ አለሁ እንዴ?»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ!»

«ልሞት ነው አላልኩም እኮ። ታክሲ ላጣ እችላለሁ።»

እንዲህ ጠንቃቃ ያደረጋቸውን ነገር የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ዝናብ ይዞን በረንዳው ላይ ቆመን ነበር። ያኔ በሚሠሩበት ሆስፒታል መደርደሪያው ሞልቶ አሮጌ የራጅ ፊልሞች ይወገዱ ተባለ። ፈርመው ያስወገዱት እሳቸው ናቸው። ወር ሳይሞላ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከገጠር መጣች። ሐኪሙ የአምናውን ፊልም ከዘንድሮው ጋር ማስተያየት ፈለገ፤ በልጅቷ ደረት ውስጥ ያለው ነገር አድጎ እንደሆነ ለማወቅ።

«አልነበረም» አሉኝ። «ሌላ ቦታ ግልባጭ አለ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ፈረምኩ።»

«ልጅቷስ?»

«አላውቅም። አዝላት ሄደች።» «የሚከብደኝ አለማወቁ ነው» አሉ ዝናቡን እያዩ።



በአንድ ጉዳይ ግን ተኳርፈን እናውቃለን። ሜሮን ሰባት ዓመቷ እያለ ብሩክ «እናት» የሚለውን ቃል እንድታሳይ ካሜራ ፊት አቆማት። እሷ የተማረችውን ትታ ቤት ውስጥ ራሷ ያወጣችውን አሳየች። መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገችና እስከ ቅንድቧ ወደ ታች ሳበችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ስጨነቅ የማደርገው ነው። እንዲህ እንደማደርግ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። በልጄ ዘንድ ስሜ ይህ ነው፣ ግንባሯን የምታሽ ሴትዮ።

ብሩክ አረማት፤ በማግሥቱ ትክክለኛውን አሳየችና ተቀረጸ። እኔ ግን ጋሽ ደረሰ ጋ ሄጄ «የትናንቱን ያጥፉልኝ» አልኳቸው።

«ታርሟል እኮ። ዝርዝሩ ላይ ያለው አዲሱ ነው።»

«ጭራሽ እንዳይኖር ነው የምፈልገው። ነገ አድጋ ታየዋለች። እናቴ ስትጨነቅ ነው የኖረችው ትላለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። «ከጠረጴዛው ላይ አነሣዋለሁ» አሉኝ። ጠፋልኝ ብዬ ሄድኩ። ለጥቂት ሰኞዎች ከፈተናው በቀር አላወራንም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሜሮን ባለችበት እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ማድረግ ለመድኩ።

ጋሽ ደረሰ የሄዱት የተከራዩበት ግቢ ሲፈርስ ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ወደ እህታቸው እንደሚሄዱ ነገሩን። የመዝገቡን ሁለተኛ ግልባጭ በዲስክ ቤታቸው ያስቀምጡ ነበር፤ አንዱ ቤት አደጋ ቢደርስበት ሌላው እንዲተርፍ ብለው። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ታክሲ ላይ ሸኘኋቸው። የታክሲውን በር ዘጉና ሁለት ጊዜ ሳቡት፤ ረዳቱ «አባባ፣ በሩን ሊነቅሉት ነው!» ብሎ ጮኸባቸው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። መጨረሻ የደወሉ ዕለት ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ስለ ራሳቸው ምንም ሳይሉ «ሰኞ ሰኞ ትፈትናላችሁ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እንፈትናለን» አልኩ።

ውሸት ነበር። እሳቸው የሚሠሩበት ኮምፒውተር ተቃጥሎ ከቆመ ቆይቶ ነበር፤ አዲስ እስኪገዛ ፈተናው ቀርቷል። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው የዋሸሁት። ከዚያ ስልኩ ጭራሽ አልነሣ አለ።

አዲሱ ኮምፒውተር ሲመጣ ናሆም አብሮ ተቀጠረ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ኔትወርክና ካሜራ ያውቃል። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ቤት ግን አይቶ አያውቅም። ናሆም የብሩክ ላፕቶፕ ላይ ያለውን መዝገብ በፍላሽ ገልብጦ አዲሱ ላይ ጫነው። የቃሎቹ ስም በሙሉ አለ፤ አንዱንም ሲከፍተው ምንም የለም። ወደ ሳጥኑ በገመድ ገባ። ያገኘው የማይነበብ ፊደልና ቁጥር ነው፤ አንድም ቪዲዮ የሚባል አላየም። ቫይረስ በልቶታል ብሎ ደመደመ። በማግሥቱ አዲስ ቀረጻ ይጀመራል፣ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። ቁልፉን የጠየቀኝ በዚህ ምክንያት ነው።

«ባዶ አይደለም» አልኩት።

«የሜሮን እናት፣ በዓይኔ አየሁት እኮ!»

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብተህ ነዋ ያየኸው። እዚያ ጠረጴዛ የለም።»

ናሆም ወደ ወይዘሮ ሰናይት ዞረ። «ምን እያለች ነው?»

ወይዘሮ ሰናይት ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ደክሟቸዋል። «ዘነበች፣ ስጪው። የሞተ ነገር ይዘን አንቀመጥም።»

«ሌላ ቦታ መኖሩን ሳናረጋግጥ?»

«የት ሌላ ቦታ?»

«ጋሽ ደረሰ ጋ።»

«ጋሽ ደረሰስ የት ናቸው?»

ናሆም ሳቅ አለና «አንገትሽ ላይ ያለው የባንክ ቁልፍ ነው እንዴ? እምቢ ካልሽ የቁም ሳጥኑን በር ማጠፊያ በካቻቪቴ ፈትቼ አወጣዋለሁ» አለ።

አለቃዬን እምቢ ብዬ አላውቅም። ሥራዬን ባጣ የሜሮን ቦታስ ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ያ ፕሮግራም ገመዱ ሲነቀል የሚያደርገውን አስታወስኩ።

«መልስ ካልመጣ ባለበት ይቆያል» አልኩ።

ብሩክ የሁላችንንም ፊት ሲያይ ቆይቶ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀኝ። በእጄ ነገርኩት። ፈጥኖ ጣቱን እንደ ቁልፍ አዞረ፣ ሁለት ጊዜ ሳበ፤ ከዚያ «ሰኞ» አለ፤ ከዚያ በአየር ላይ ደብተር ገለጠ። ሜሮን ከእኔ ቀድማ ገባት። ምሳ ዕቃዋን ጥላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ናሆም ዘይት የነካውን ደብተር በሁለት ጣቱ ያዘ። «ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ የሣልኩት።»

ለጥቂት ጊዜ አየውና ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ» አለ። ወንበሩን ሳበ። ትእዛዙ የሚሠራበት ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም፤ ከኢንተርኔት እስኪወርድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ማንም ከክፍሉ አልወጣም። ከዚያ ያንን የእኔን ጥልፍ እያየ ፊደል በፊደል ጻፈው። ዝርዝሩ ከሳጥኑ ወጣ። ብሩክ ተጠጋና በጣቱ አንዱን ነካ፤ የእማማ ዘውዴን፣ ሊሰነጠቅ ያለውን ድስት። ናሆም ከፈተው።

ምንም የለም።

«ይኸው» አለ ናሆም፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እንደገና ስም ብቻ ነው። ይቅርታ፣ የሜሮን እናት።»

ወይዘሮ ሰናይት ለቁልፉ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ክሩን ከአንገቴ አወጣሁ። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነበር፤ ሌላው እጄ የት እንደሄደ አላስተዋልኩም።

ሜሮን ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ገለጠች። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ምስር። ገለጠች። የጳውሎስ ሆስፒታል ቀጠሮ። ገለጠችና ናሆም ፊት ደፋችው። ሁለተኛ ጥልፍ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ ዝርዝሩን ነው የሚያመጣው፤ ዕቃውን የሚያወጣው ይኸኛው ነው። እኔ በሰባት ወር ውስጥ ረስቼዋለሁ፤ በሁለቱ መካከል የወጥ ቤት ወጪ ጽፌበታለሁ።

ናሆም ጻፈው። ስክሪኑ ታች ያለው ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ቆመ። እማማ ዘውዴ መጡ። ጭቃ የነካው ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ጣቶቻቸውን ሰብስበው ቀስ አድርገው ከፈቱ፣ በአፋቸው ትንፍ አሉ። ሊሰነጠቅ ያለ ድስት። ብሩክ ብድግ ብሎ መብራቱን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አደረገው።

«ቁልፉን አንገትሽ ላይ መልሺው» አለኝ ናሆም። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «እኔ እኮ ዛሬውኑ ላጠፋው ነበር።»

ወይዘሮ ሰናይት ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሌላም አውጣ» አሉት። አወጣ። ውሃ፣ ዳቦ፣ ሐኪም፣ ቃሪያ። ሁሉም አለ። ናሆም ነገሩ እየጣፈጠው ሄዶ ዝርዝሩን ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲያይ «'እናት' የሚለው ታርሟል ይላል። አሮጌውም አለ፤ ላውጣው?» አለ።

«የለም፣ እሱስ ጠፍቷል» አልኩ።

ወጣ። ሜሮን በሰባት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ። መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ታች ሳበችው፣ ዓይኗን ጨፈነች።

የዛሬዋ ሜሮን ራሷን በስክሪኑ ላይ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ነው እጄ የት እንደነበረ ያወቅሁት፤ ቁልፉን ልሰጥ ካወጣሁ ጀምሮ ግንባሬ ላይ ነው። ልጄ ሳቀች። «ትክክል ነበርኩ» አለችኝ በእጇ። ወደ ሽርጤ ኪስ አልመለስኩትም።

አሁን ሰኞ ሰኞ እንፈትናለን። ናሆም ባዶውን ኮምፒውተር ያዘጋጃል፣ ቃሉን እኔ እመርጣለሁ። ሁለቱን ጥልፎች አንድ ገጽ ላይ አድርጌ እንደገና ሥያቸዋለሁ። ሌላ ግልባጭ ወይዘሮ ሰናይት ቤት አለ። ይህን ለጋሽ ደረሰ መንገር እፈልጋለሁ፤ ያን ቀን በስልክ የዋሸኋቸው መሆኑንም ጭምር። ያን ቪዲዮ ስላልጣሉብኝም ላመሰግናቸው ይገባል። ዲስኩን ይመልሱ አልልም፤ ባለበት ይቀመጥ።

ጋሽ ደረሰ ረዘም ያሉ፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸው በጫማ ክር የታሰረ ነው። በር ዘግተው ሁለት ጊዜ ይስባሉ። ከእንጦጦ ወዲያ እህታቸው ጋ ናቸው ብለን እናስባለን፤ በርግጥ ግን አናውቅም። ያያቸው ወይም ያሉበትን የሰማ ሰው ካለ፣ ደህናም ይሁኑ አይሁኑ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።